«ስልኬ ከጠፋ እናቴ ሁለተኛ ትሞትብኛለች»

ስለ ፍቅርና ስለ ትዳር የጻፋችሁልኝ ወዳጆቼ ለዚህ ሳምንት ታገሱኝ። ተራችሁን የወሰደባችሁ አንድ ቀዳዳ ነው። አዎ፣ ስልክ ላይ ያለው፣ ቻርጀር የሚሰካበት ቀዳዳ። «ደግሞ የሱ ምኑ ይጻፋል?» የምትሉ ካላችሁ መጀመሪያ መልእክቱን አንብቡት፤ ከዚያ እንነጋገራለን። የመጣልኝ ባለፈው ሳምንት ረቡዕ ማታ በቴሌግራም ነው። የላከችው በራሷ ስልክ አይደለም፣ በእህቷ ነው። ለምን እንደሆነ አሁን ይገባችኋል።

«የ23 ዓመት ወጣት ነኝ። ስሜን እንዳትጠቅስብኝ አደራ። እናቴ ካረፈች ሰባት ወሯ ነው። የተመረቅኩ ቀን ቤት ውስጥ ስትመርቀኝ እህቴ በኔ ስልክ ቀርጻናለች። ስድስት ደቂቃ ይሆናል። ሌላ የእማዬ ድምፅ ያለበት ነገር የለንም። ስልኬ ግን ከሦስት ወር ወዲህ እያስለቀሰኝ ነው። መጀመሪያ ኮምፒውተር ላይ ስሰካው አልነበብ አለ፤ ቻርጅ ስለሚያደርግ ችላ አልኩት። ቀጥሎ ገመዱን ወደ ግራ ጠምዝዤ ከሥሩ ደብተር ካላስደገፍኩ አልሠራ አለ። ከሰኞ ጀምሮ ደግሞ ጭራሽ ምንም። ቪዲዮውን በቴሌግራም ለእህቴ ልልክ ብሞክር ግማሽ ሳይደርስ ስልኩ ጋለ፣ ባትሪው ወረደ፣ ፈርቼ ተውኩት። አሁን 14 ፐርሰንት ላይ ነው።

«ጠጋኝ ጋ ብወስደው ‹ሶኬቱ ሞቷል። 2 ሺህ 500 ብር። ፓተርንሽን ጽፈሽልኝ ሂጂ፣ ነገ ማታ ትወስጃለሽ። ፎርማት ሊሆን ስለሚችል ኃላፊነት አልወስድም› አለኝ። ስልኬ ላይ ደግሞ ለማንም የማላሳየው የራሴ ፎቶ አለ። መጥፎ ነገር እንዳይመስልህ ጋሼ። ለእጮኛዬ ብነግረው ‹የምትደብቂው ነገር ቢኖር ነዋ!› ብሎ ተኮሳተረብኝ። ስልኬ ከጠፋ እናቴ ሁለተኛ ትሞትብኛለች። ምን ትለኛለህ? ልስጠው ወይስ አልስጠው?»

እኔ እንደ ወትሮው መልሴን ጽፌ ጋዜጣው ቅዳሜ እስኪወጣ ልጠብቅ? 14 ፐርሰንት ቅዳሜን አይጠብቅም። ደግሞስ እኔ ራሴ በዚህ ቀዳዳ ተበልቼ የለ! የኔ ስልክ ታይፕ ሲ በየሰዉ እጅ ከመግባቱ በፊት የነበረችው፣ ያቺ አንድ ጎኗ ጠበብ የምትለዋ ማይክሮ ዩኤስቢ ነበረች። ቻርጅ አልይዝ ስትለኝ እንደ ጎበዝ መርፌ ይዤ ገባሁባት። ቆሻሻ ነው ብዬ የጎተትኩት ነገር ለካ መሐል ያለችው ምላሷ ነች፤ ተገንጥላ ወጣች። ጠጋኝ ጋ ወሰድኩ (የት እንደሆነ አልናገርም)፤ ሦስት ቀን አቆይቶ እንደ አዲስ አድርጎ መለሰልኝ። እንደ አዲስ ስላችሁ ቀልዴን አይደለም፤ ውስጡ ባዶ ነው። «ሶፍትዌሩም አስቸግሮ ነበር፣ አብሬ ጫንኩልህ» አለኝ፤ ምርቃት እየጠበቀ። አያቴ ስለ ጣሊያን ጊዜ ስታጫውተኝ የቀዳኋት ሁለት ሰዓት ሙሉ ወሬ አብሮ ሄደ። አያቴ ያን ጊዜ ካረፈች ዓመት ሆኗት ነበር።

ስለዚህ መልእክቱን አንብቤ እንደጨረስኩ በእህትየው ቁጥር ደወልኩ።

«ስልክሽ አሁን በርቷል?» አልኳት።

«አዎ ጋሼ። ስንት እንደቀረው አንዳንዴ እያየሁት ነው። 11 ሆኗል።»

«አጥፊው።»

«ካጠፋሁት በኋላ ባይነሳስ?»

«11 ፐርሰንት እያለው ይነሳል። እያየሽው ግን ያልቃል።»

ጠፋ። ከዚያ ተረጋግተን ማውራት ጀመርን። ልጅቷ እንደ ብዙዎቻችን የተሳሳተችው እዚህ ላይ ነው፤ ገመዱ ካልሠራ ከስልኩ ፋይል የሚወጣበት መንገድ የተዘጋ መስሏታል። ቀሪ መንገዷ ኢንተርኔት ብቻ ነው ብላ በፓኬጅ ስትታገል ባትሪዋን በላችው። ሁለት ስልኮች ግን ጎን ለጎን ሆነው በዋይፋይ ለራሳቸው መነጋገር ይችላሉ። ፓኬጅም፣ የቤት ኢንተርኔትም አይፈልጉም። አንድሮይድ ላይ ክዊክ ሼር የሚባለው አብሮ የተጫነ ነው። ዜንደርንም አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ግን ስልኩ ላይ ከሌለ በዚያች ባትሪ አውርዶ መጫን አያዋጣም። ብሉቱዝ ደግሞ እንዲህ ላለ ጉዳይ አይሆንም። የስድስት ደቂቃ ጥሩ ቪዲዮ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ነው፤ በብሉቱዝ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፣ ባትሪው መሐል መንገድ ላይ ያልቃል።

የእህቷ ስልክ በፎቶ ጢም ብሎ ስለነበር አስቀድመን እሱ ላይ ቦታ አስለቀቅን። የሷ ስልክ ጠፍቶ እንደተቀመጠ ነው። ክዊክ ሼሩን በእህትየው ስልክ ላይ ከፍተን፣ መቀበያውን አዘጋጅተን፣ ሁሉ ነገር ሲደላደል «በይ አብሪው» አልኳት። የስክሪኑን ብርሃን እስከ መጨረሻው ዝቅ፣ ዳታውን ዝግት፣ በቀጥታ ወደ ቪዲዮው። ሌላ ምንም ነገር አትክፈቺ።

ሁለት ደቂቃም አልፈጀ። 8 ፐርሰንት ላይ ሲደርስ ቪዲዮው እህትየው ስልክ ላይ ነበር። ደርሶ እንደሆነ አጫወቱት። እኔ ስልኩን አልዘጋሁም ነበርና የእናትየው ድምፅ በመስመሩ ወደኔ መጣ። ያሉትን አልጽፈውም፤ የነሱ ነው። ስልኩን በቀስታ ዘጋሁት።

እግረ መንገዴን ሚሞሪ ካርድ የሚቀበል ስልክ ላላችሁ፤ ቀዳዳው መታመም ሲጀምር ዋና ዋናውን ፋይል ወደ ሚሞሪው ገልብጡት። ስልኩ ቢሞት ሚሞሪውን አውጥታችሁ ሌላ ስልክ ላይ ትከታላችሁ። ሚሞሪውን በፓስወርድ የቆለፋችሁ ግን ቁልፉን አስቀድማችሁ ፍቱት፤ አለዚያ ሌላ ስልክ አያነበውም።

አሁን ወደ ቀዳዳው እንምጣ። እነዚያ ቀጭን ክብ ፒን የነበራቸው ኖኪያዎች ትዝ ይሏችኋል? ያ ቀዳዳ ሥራው አንድ ብቻ ነበር፤ መብራት መቀበል። ዛሬ ያለው ሞላላው ታይፕ ሲ ግን መብራትም ፋይልም የሚገባና የሚወጣበት በር ነው። በባትሪ መብራት ውስጡን ብታዩት መሐል ላይ ስስ ምላስ አለች። በላይዋ 12፣ በታችዋ 12፣ በጠቅላላው 24 ጥቃቅን ፒኖች ተደርድረውባታል። መብራቱን ለማስገባት 4 ፒኖች፣ ለመመለሻው ሌላ 4 አሉ። ፋይል የሚያመላልሱት ግን መሐል አካባቢ ያሉ ጥቂቶች ናቸው። ለዚህ ነው ቀዳዳው ሲታመም ብዙ ጊዜ ስልኩ ቻርጅ እያደረገ ኮምፒውተር የማያነበው፤ መብራቱ በአንዱ ፒን ባይሳካለት በሌላው ይገባል። የልጅቷ ስልክ ከሦስት ወር በፊት የላከላት ማስጠንቀቂያ ይኸው ነበር። ያኔ ብትሰማው ኖሮ እንባዋ በቀረላት! ግን ማን ይሰማል? እኔስ ሰምቻለሁ?

ኮምፒውተር አላነብ ባለ ቁጥር ግን ቀዳዳው ነው ብላችሁ አትሩጡ። በየመንገዱ ከምንገዛው ርካሽ ገመድ ውስጥ ለቻርጅ ብቻ የተሠራ፣ የፋይል ሽቦ የሌለው ሞልቷል። በዚያ ገመድ ከማለዳ እስከ ማታ ብትሰኩ ኮምፒውተሩ ስልኩን አያየውም። ገመዱ ደህና ሆኖም አንድሮይዱ «ቻርጅ ብቻ» በሚለው ላይ ይቀመጣል፤ ከላይ የሚመጣውን ማስታወቂያ ነክታችሁ «ፋይል ትራንስፈር» የሚለውን መምረጥ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሌላ ገመድ፣ ቀጥሎ ሌላ የቻርጀር ራስ፣ ቀጥሎ ሌላ የግድግዳ ሶኬት። ዲቫይደሩ ሞቶ ስልኩን የሚከሱ ስንት ሰዎች አሉ መሰላችሁ።

አንዲት ጥሩ ፈተና ልንገራችሁ። ታይፕ ሲ ተገልብጦም ይገባል አይደል? በአንድ ጎኑ ስትሰኩት ሠርቶ ስትገለብጡት እምቢ ካለ ነገሩ ፒኖቹ ላይ ነው። ገመዱን ቀይራችሁም ያው ከሆነ ከቀዳዳው በኩል የአንዱ ረድፍ ፒን ቆሽሿል ወይም ተበልቷል ማለት ነው። በተለይ ሁለቱም ጫፉ ታይፕ ሲ የሆነ ገመድ ሲሆን ቻርጀሩ ዝም ብሎ መብራት አይለቅም፤ አንዲት ፒን ወዲያ ማዶ ስልክ መኖሩን ካላሳወቀችለት ጥርሱን ነክሶ ይቀመጣል። በአሮጌው ገመድ እየሠራ በአዲሱ እምቢ የሚላችሁ አንዳንድ ጊዜ ለዚህ ነው።

ሁለተኛዋ ፈተና ደግሞ ጆሮ ትፈልጋለች። ገመዱ ሲገባ «ቀጭ» የሚለው ድምፅ ከጠፋ፣ ወይም የገመዱ አንገት ወትሮ ከሚደርስበት ትንሽ ወጣ ብሎ ከቀረ ውስጡ የተጠቀጠቀ ነገር አለ። ምን ይሆናል አትሉኝም? የኪስ ብናኝ፣ የሹራብ ፀጉር፣ የጋቢ ጥጥ። ስልካችንን ይዘን ጋቢ ውስጥ የምንገባ ሕዝቦች ነን እኮ! ገመዱን በሰካን ቁጥር ያንን ብናኝ ወደ ውስጥ እየጠቀጠቅን እንደ ቡሽ እናደርገዋለን።

አወጣጡ፤ ስልኩን ማጥፋት። ስቴኪኒ መውሰድ፤ የእንጨቱን። ጫፉን በምላጭ ማቅጠን። በግድግዳው በኩል፣ በላይና በታች፣ ከጥልቀቱ ወደ ውጭ በቀስታ መጫር። መሐል ያለችውን ምላስ አለመፈልቀቅ (ስለ ምላስ የኔን ታሪክ አንብባችኋል)። መርፌ፣ እስፒል፣ ምስማር፣ የፀጉር ሽቦ ክልክል ነው፤ ብረት ፒኑን ያጣምማል፣ ይፍቃል፣ ሁለቱን ሊያገናኝም ይችላል። በአፍ እፍ ማለትም ይቅርባችሁ፤ እፍ ስትሉ የምትልኩት ምራቅ ጭምር ነው። ፒኑ ላይ አረንጓዴ ወይም ነጭ ነገር ካያችሁ እርጥበት የበላው ነው፤ ያንን ጠንከር ባለ አልኮል፣ 90 ከመቶና ከዚያ በላይ በሆነው፣ በቀጭን ለስላሳ ብሩሽ ያጸዱታል። ተራው 70 ከመቶ የሆነው ውሃ ስላለበት ቶሎ አይደርቅም። «አረቄም አልኮል ነው» የምትሉ ቀልደኞች እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ጠጡት እንጂ ስልክ ውስጥ አትክተቱት።

ውሃ ነክቶት ስክሪኑ ላይ «እርጥበት አለ» ካላችሁ ደግሞ አትሰኩ። ቀዳዳውን ወደ ታች አድርጋችሁ መዳፋችሁ ላይ ጠብ ጠብ አድርጉትና አየር የሚያገኝበት ቦታ ተዉት። አንድ ቀን ሙሉ ቢፈልግም ታገሱት። ሩዝ ውስጥ መቅበር የሚባለውን ነገር አፕል ራሱ አታድርጉ ብሏል፤ የሩዙ ብናኝ ስልኩን ሊጎዳው ይችላል። ጤፍ ውስጥ የቀበረ ሰውም አውቃለሁ። ጤፍ! ከዚያ ቀዳዳ ጤፍ ለቅሞ ማውጣት ምን እንደሚመስል አስቡት። ገመዱ አንገቱ ላይ የሚያቃጥል ከሆነ፣ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተታችሁ ግን ምንም ምክር የለኝም፤ ንቀሉት፣ ሁለተኛ አትሰኩት።

ልጅቷ በማግስቱ በስቴኪኒ አወጣች። የወጣው ጥቁር ነገር የሹራቧ ኪስ ብናኝ ነው፤ ላለፉት ሰባት ወራት ጥቁር ሹራብ ነው የምትለብሰው። ገመዱ ቀጭ አለና ባትሪው መሙላት ጀመረ። በደስታ ደወለችልኝ። «ኮምፒውተርስ?» ብላት አሁንም አያነበውም። እንግዲህ ሦስት ወር ሙሉ ወደ ግራ ስትጠመዝዘው የኖረችው ፒን ተበልታለች ማለት ነው። ይህ በስቴኪኒ አይድንም፤ ቀዳዳው መቀየር አለበት። ዛሬ ተፈወሰ ብላ ብትተወው ከወር በኋላ እዚያው ናት።

ስለዚህ ወደ ጥያቄዋ፤ ልስጠው ወይስ አልስጠው?

እህቴ፣ ስልኩን ስጪው፤ ፓተርንሽን ግን አትስጪው። ቀዳዳ መቀየር የብረትና የሽቦ ሥራ ነው። በብዙ ስልኮች ላይ ቀዳዳው ያለው ከታች በኩል በምትገኝ ትንሽ ቦርድ ላይ ነው። ጀርባው ይከፈታል፣ ብሎኖች ይፈታሉ፣ ቦርዷ ተነቅላ ሌላ ትገባለች። በአንዳንዱ ደግሞ ዋናው ቦርድ ላይ የተበየደ ስለሆነ በሙቀት ተነቅሎ እንደገና ይበየዳል፤ ይህ ጊዜም ብርም ይፈልጋል፣ እጁ የተመሰከረለት ሰው ይፈልጋል። በሁለቱም ግን ፎቶና ቪዲዮሽ ያለበትን ቦታ ማጥፋት አያስፈልግም። «ፎርማት ሊሆን ይችላል» ካለሽ ለምን እንደሆነ ያስረዳሽ። ካላስረዳሽ ስልክሽን አንሺና ውጪ። መብራት መግባቱን ለማየትም ፓተርን አያሻም፤ ስልክ ጠፍቶም ሲሰካ የባትሪ ምልክቱ ይመጣል። ኮምፒውተር ማንበቡን ለማየት ደግሞ አንቺ እዚያው ቆመሽ በራስሽ እጅ ትከፍቺዋለሽ።

የምትሄጂው ጠዋት ነው። «ሳልነሳ ይሠራልኛል?» ብለሽ ትጠይቂያለሽ። የሚቀየረው ቦርዷ ብቻ ነው ወይስ ቀዳዳው ይበየዳል? ዕቃው ኦሪጅናል ነው ወይስ ሌላ? ዋጋው ስንት ነው? ይህን ከመከፈቱ በፊት ጨርሺ። ሲምሽንም ሚሞሪሽንም አውጥተሽ ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺ። ማሳደር ግድ ከሆነ የግል ፎቶዎችሽን ወደ ሌላ ቦታ አውጥተሽ ሰርዢያቸው፤ ሰርዤያለሁ ብለሽም አትቀመጪ፣ በብዙ ስልኮች ላይ የተሰረዘ ፎቶ ቅርጫት ውስጥ ለ30 ቀን ይቀመጣል፣ ከዚያም ማጥፋት አለብሽ። ሳምሰንግ የያዛችሁ ደግሞ ኩባንያው ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሜንቴናንስ ሞድ የሚባል ነገር ማምጣቱን እወቁ፤ እሱን ስታበሩት ጠጋኙ ስልኩን ከፍቶ ይሞክረዋል፣ የእናንተን ፎቶና መልእክት ግን አያይም። በሁሉም ሞዴል ላይ የለም፤ ሴቲንግ ውስጥ ፈልጉት።

ጠጋኞች እንዳትቀየሙኝ። ከመካከላችሁ በዚያች ጠባብ ሱቅ፣ በዚያ ሙቀት፣ በማጉያ መነጽር ፒን እየቆጠሩ በሐቅ የሚኖሩ ብዙ ናቸው። ግን ፓተርን ተጽፎባት ስልክ ጀርባ ላይ የምትለጠፈዋን ብጣሽ ወረቀት ተዉአት። ለእናንተም አትበጅም፤ ነገ አንድ ፎቶ የሆነ ቦታ ቢወጣ መጀመሪያ የምትጠየቁት እናንተ ናችሁ።

ለእጮኛዋ ያለኝ አጭር ነው። ወንድሜ፣ ሰው መታጠቢያ ቤት ሲገባ በር የሚዘጋው ውስጥ ወንጀል ስለሚሠራ አይደለም። ልጅቷ ልትደብቅ የፈለገችው ካንተ አይደለም፤ ከማታውቀው ሰው ነው። ደግሞ እናቷን የቀበረች ሰው ስለ እናቷ ድምፅ ስታለቅስ ስለ ፎቶ መጠየቅህ… ተወው፣ እዚህ ላይ ልተወው።

ቅዳሜ ጠዋት ከእህቷ ጋር ሌላ ጠጋኝ ጋ ሄዱ። ቀዳዳው ትንሿ ቦርድ ላይ ያለ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። በርጩማ ላይ ተቀምጠው 40 ደቂቃ ጠበቁ። ሰውየው ፓተርንም አልጠየቀ፣ ስለ ፎርማትም አላነሳ። ሲጨርስ ራሷ ከፍታ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካችው፣ አነበበው፣ ያኔ ከፈለች። ማታ በራሷ ስልክ የጻፈችልኝ እነሆ፦

«ጋሼ፣ ቪዲዮው አሁን እህቴ ስልክ ላይ አለ፣ ፍላሽ ላይ አለ፣ አክስቴም ጋ ልኬዋለሁ። ገመዱንም አዲስ ገዛሁ። እጮኛዬ ይቅርታ ጠይቋል። ስለሱ ግን ሌላ ደብዳቤ እጽፍልሃለሁ።»

እጠብቃለሁ። እናንተም የፍቅርና የትዳር ደብዳቤ የላካችሁ ሳምንት ተራችሁ ነው፤ እስከዚያው ደህና ሰንብቱ።